«መብራት ጠፍቶ ነው» የሚል ባለሙያ አታሳዩኝ

በዚህ አገር ማንም ሳይነግረን የምናውቃቸው ነገሮች አሉ። ክረምት ሲገባ ይዘንባል፤ መብራት ደግሞ ባሻው ሰዓት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ መብራት ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጮኸው እሱ ነውና። ታዲያ ኮምፒውተር ገጥሞ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ሪባን ሲቆረጥ አብሮ ፎቶ ተነሥቶ የሄደ ባለሙያ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲደወልለት «ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ እኮ ነው የተበላሸው» ብሎ ሲመልስ እንዴት አያፍርም? ጎርፍ መውረጃ ላይ ቤት ሠርቶ ዝናቡን ይከሳል!

የማወራው ሁሉ ነገራቸው በአንድ ቦርድ ላይ ታጭቆ ስለሚመጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ነው። ከእነሱም ውስጥ እኛ ዘንድ ስሙ የገነነው ራስበሪ ፓይ ነው። በትምህርት ቤት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል፤ በሆቴል መግቢያ የማስታወቂያ ስክሪን ያንቀሳቅሳል፤ በአበባ እርሻ ሙቀትና እርጥበት ይለካል። ውጭ ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ በጎ አድራጊ ድርጅት በካርቶን ይልከዋል። ርካሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ ድምፅ የለውም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ እኔም የምቆጣው ጥሩ ዕቃ ስለሆነ ነው። ለማይረባ ዕቃ ማን ደሙን ያፈላል?

ባለፈው ሰሞን በአንድ የዞን ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የተጫነበት አንድ ራስበሪ ፓይ ተሰጥቷቸዋል። ልጆቹ በስልክና በአሮጌ ላፕቶፕ በዋይፋይ እየገቡ ያነቡ ነበር። አሁን ግን የቦርዱ ቀይ መብራት ይበራል፣ አረንጓዴው ጭጭ ብሏል። የገጠመው ሰው በስልክ የሰጠው ፍርድ «ማታ ማታ ብሬከሩን የሚያወርደው ዘበኛው ነው ያበላሸው» የሚል ነበር። ዘበኛው ብሬከሩን የሚያወርደው ደግሞ እሳት እንዳይነሣ ተብሎ ከድሮ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ በራሱ ትእዛዝ ነው። ርእሰ መምህሩ ባለሙያ የተናገረውን አምነው ለሽማግሌው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውባቸዋል። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው በኮምፒውተር ገዳይነት ተከሰሱ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ደብዳቤ ነው።

ጥፋቱ ግን ከላይ ይጀምራል። ራስበሪ ፓይ የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ነው። ኢበን አፕተንና ጓደኞቹ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥር ማሽቆልቆሉ አሳስቧቸው፣ ልጆች እንደ ልባቸው የሚነካኩት ርካሽ ኮምፒውተር እንሥራ ብለው ተነሡ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 የመጀመሪያው በ35 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ቅን ሐሳብ ነበር፤ ዓለምም አጨበጨበ። ዕቃው ግን ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ገመዱን ስትሰካው ይነሣል፤ ስትነቅለው ይሞታል።

እሺ፣ የመጀመሪያው ነው እንበል። በ2014 የተሻሻለው ወጣ፤ ቁልፍ የለም። በ2015 ሁለተኛው፣ በ2016 ሦስተኛው፣ በ2019 አራተኛው፤ አሁንም የለም። በ2020 ኪቦርድ ውስጥ ተገጥሞ የመጣው 400 የተባለው በኪቦርዱ በኩል ማጥፊያ አገኘ። ቦርዱ ራሱ ላይ ቁልፍ የተቀመጠለት አምስተኛው ትውልድ ላይ ነው፤ እሱም በ2023! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆችን ኮምፒውተር አስተምራለሁ ያለ ዕቃ፣ አንድ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠፋ ማሳየት አልቻለም። ዋጋ ለመቆጠብ ነው እያሉ የሚሟገቱላቸው አሉ። የሳንቲም ቁልፍ ቆጥቦ ድንገት ሲነቀል የሚበላሸውን የሜሞሪ ካርድ ኪሳራ ለገዢው ማሸከም ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? ካምብሪጅ መብራት ስለማይጠፋ ማጥፊያውን ዘነጉት ብዬ ብጠረጥር አትፍረዱብኝ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። በሥርዓቱ አጥፋ የተባለውን ሰው ይቀጣዋል። ተጠቃሚው ምክር ሰምቶ ከስክሪኑ «ዝጋ» የሚለውን ይጫናል፤ ቦርዱ ተኛ። በማግስቱ ሊያስነሣው ሲፈልግ በምን ያስነሣው? ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው ያለው። በሦስተኛውና ከዚያ በፊት ባሉት ላይ ያለችው ቀጭኗ የማይክሮ ዩኤስቢ መሰኪያ ደግሞ ሲነቀልና ሲሰካ ላላች፤ ከላላች በኋላ «አልነሣ አለኝ» የሚለው ሌላ ለቅሶ ይጀመራል።

መድኃኒቱ እኮ ያሳፍራል፤ ያን ያህል ቀላል ነው። ከአምስተኛው በፊት ባሉት ቦርዶች፣ ከተደረደሩት እግሮች አምስተኛውና ስድስተኛው ጎን ለጎን ናቸው። አምስተኛው ጂፒአይኦ 3 ይባላል፤ ስድስተኛው ግራውንድ ነው። ሁለቱን ለቅጽበት ብታገናኛቸው የተኛው ቦርድ ይነሣል። በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ጂፒአይኦ ሻትዳውን የሚባለውን አንድ መስመር ብትጨምር ደግሞ ያው ቁልፍ በሥርዓቱ ያጠፋዋል። ሁለት ሽቦና ከተበላሸ ሬዲዮ ላይ የተፈታ አንድ ቁልፍ ይበቃል። (ሰዓት የሚጠብቅ ተጨማሪ ቦርድ የሰካ ሰው ያን እግር ለሌላ ሥራ ስለሚይዘው ይጋጭበታል፤ ያኔ ማጥፊያውን ወደ ሌላ እግር ማዞር ግድ ነው።) ገጣሚዎቻችን ይህን ያውቃሉ? የሚያውቁ አሉ። ያደርጉታል? ከስንት አንዱ።

አሁን ወደ «አይነሣም» ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚበላው። ቦርዱ አልነሣ ሲል ሰፈራችን ውስጥ ያለው ጠጋኝ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ «ካርዱን ፎርማት እናድርገው» እና «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ»። ቻርጀሩን የሚጠረጥር የለም። ቻርጀሩ ላይ ሦስት አምፒር ተብሎ ተጽፏላ! በዚህ ከተማ ቻርጀር ላይ የማይጻፍ ነገር አለ እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ራስበሪ ፓይ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው ቻርጀር ግን 5.1 ነው የሚሰጠው። ያቺ ነጥብ አንድ የገባችው ገመዱ መንገድ ላይ ቮልቴጅ ስለሚበላ ነው። ቦርዱ ከ4.63 ቮልት በታች የወረደ እንደሆነ ያስጠነቅቃል፤ ስክሪን ካለው ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። በቀጭኑ ርካሽ ገመድ እናስላው። ሄዶ መመለሻው ተደምሮ 0.2 ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና ቦርዱ 2.5 አምፒር ቢስብ፣ ግማሽ ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል። 5.1 ብለህ የላክኸው 4.6 ሆኖ ይደርሳል፤ 5 ብለህ የላክኸውማ 4.5 ነው። ቻርጀሩ ምንም ሳይዋሽ እንኳ ቦርዱ ተራበ። ስልካችሁ በዚያው ገመድ ቻርጅ ያደርጋል፤ ምክንያቱም የራሱ ባትሪ አለው፣ የደረሰውን ያህል ቀስ ብሎ ይወስዳል። ቦርዱ ባትሪ የለውም። የፈለገውን በፈለገባት ቅጽበት ካላገኘ ይንገዳገዳል፤ በተለይ ሲነሣ፣ ዲስክ ሲሰካበትና ዋይፋይ ሲከፍት።

እና የመብረቁ ምልክት? በትምህርት ቤቱ ያለው ቦርድ ስክሪን የለውም፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ማን ይየው? ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ግን «ጌት ትሮትልድ» የሚል መጠየቂያ አለ። መልሱ ዜሮ ከሆነ ሰላም ነው። ዜሮ ካልሆነ ቦርዱ አሁን ተርቦ እንደሆነ፣ ወይም ከተነሣ ወዲህ ተርቦ ያውቅ እንደሆነ ነጥሎ ይነግርሃል። ዕቃው ራሱ አፍ አውጥቶ «ራበኝ» ይላል! ጠጋኙ ግን አይጠይቀውም፤ ፎርማት ያደርገዋል። የልጆቹ ሥራ ይጠፋል፣ ሂሳቡ ይከፈላል፣ ቦርዱ በዚያው ገመድ ተመልሶ ይሰካል፤ ከዚያም ለሌላ ፎርማት ይመጣል።

«ታዲያ የላፕቶፕ 65 ዋት ቻርጀር እሰካበታለሁ» የሚል ብልጥም አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ያ ዋት የሚገኘው በ20 ቮልት ነው። ቻርጀሩ በ5 ቮልት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 አምፒር አይዘልም፤ ፓይ ደግሞ ከ5 ቮልት በላይ አይጠይቅም። ለአራተኛው 3 አምፒር ይበቃዋል። አምስተኛው ግን በ5 ቮልት 5 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት ቻርጀሮች አብዛኞቹ አይችሉትም። ካላገኘ ቦርዱ ይነሣል፣ ግን በዩኤስቢ ለሚሰኩት ሁሉ ተደምሮ 600 ሚሊአምፒር ብቻ ይሰጣል። የውጭ ዲስክ ሰክቶ «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ የጣለ ሰው ይኖራል። ዲስኩ ደኅና ነበር።

ፈጣሪዎቹን እዚህም አልለቃቸውም። በ2019 አራተኛውን ሲያወጡ በአዲሱ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ላይ ሁለት መሆን የነበረበትን ሬዚስተር አንድ አድርገው ለሁለት መስመር አጋሩት። ውጤቱን ስሙልኝ፤ ውስጡ ቺፕ ያለው ውድ ገመድ የሰካ ሰው ቦርዱ አልነሣለትም፤ ቻርጀሩ የጆሮ ማዳመጫ የተሰካ መስሎት ኮረንቲ አይለቅም ነበር። ተራው ርካሽ ገመድ የሰካው ደግሞ ተነሣለት። በኋላ ስሕተታቸውን አምነው በተሻሻለው ቦርድ አርመውታል። ከዚያ በፊት በ2015 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ በካሜራ ፍላሽ ይጠፋ ነበር! ቀልድ አይደለም። ቮልቴጅ የሚቆጣጠረው አንድ ትንሽ ቺፕ ሽፋን ስላልነበረው፣ የዜኖን ፍላሽ ሲያበራበት ብርሃኑ ውስጡን አዛብቶ ቦርዱን ያጠፋዋል። ፎቶ ላንሣህ ስትለው የሚሞት ኮምፒውተር! ቺፑን ብርሃን በማያስገባ ነገር መሸፈን ይበቃው ነበር። ይህን የማነሣው ለቧልት ብቻ አይደለም፤ «አልነሣም» እና «ድንገት ጠፋ» የሚሉት ነገሮች ምክንያት እንዳላቸው፣ ምክንያቱም በመፈለግ እንደሚገኝ ለማሳየት ነው። ያን ችግር ያገኙት ዕቃውን የገዙ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ፎርማት አድርገው አልተቀመጡም።

አረንጓዴዋ መብራትም ትናገራለች። አራቴ ብልጭ እያለች ከደጋገመች መነሻ ፋይሉን ካርዱ ላይ አላገኘችም፤ ሰባቴ ከሆነ ዋናው የሥርዓቱ ልብ ከርነሉ የለም። ጭራሽ ካልበራች ካርዱ አልተነበበም፤ ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ ሞቷል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው።

መጥፋትን በተመለከተ «ድንገት ስትነቅለው ይበላሻል» ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ለምን እንደሚበላሽ ግን የሚያስረዳ ብርቅ ነው። ሜሞሪ ካርድ ባዶ ሳህን አይደለም፤ ውስጡ የራሱ ትንሽ አንጎል አለው። ያ አንጎል ጽሑፍህን የትኛው ክፍል ላይ እንዳኖረ የሚመዘግብበት ሠንጠረዥ ይዟል። ካርዱ እንደ ደብተር አንዲት ፊደል ብቻ አጥፍቶ መጻፍ አይችልም፤ ትልቅ ብሎክ ሙሉ ማጥፋት አለበት። ስለዚህ አንዲት አጭር መስመር ስትጽፍ፣ ከጎኗ ያለውን ብዙ ነገር አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል፤ ሠንጠረዡንም ያድሳል። በዚያች ሰዓት መብራት ከሄደ የምትጠፋው የጻፍካት መስመር ብቻ አይደለችም። ከርሷ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ከወር በፊት የተቀመጠ ፋይልም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል አደራጅ መዝገብ እየያዘ ራሱን ለማዳን ይሞክራል፤ ነገር ግን ካርዱ «ጽፌያለሁ» ብሎ ዋሽቶት ሳይጽፍ ቢቀር ምን ሊያደርግ? በገበያው ላይ ደግሞ 64 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ካርድ ሞልቷል፤ እስኪሞላ ድረስ ጨዋ ነው፣ ከሞላ በኋላ አዲሱን በድሮው ላይ ይደርባል።

ቦርዱ ሥራ ፈት በሆነ ሰዓትስ ምን ይጽፋል? ማንም ሳይነካው ማስታወሻ ይጽፋል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ሰዓቱ ስንት ሆነ እያለ ካርዱን ሲፍቅ ይውላል። ለዚህ ነው «ማንም ሳይጠቀምበት ተበላሸ» የሚባለው። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሄዶ ብቻ አይቀርም፤ ይመጣል፣ ወዲያው ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ቦርዱ ከሁሉ በላይ የሚጽፈው ደግሞ ሲነሣ ነው። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ይገደላል፤ እንደገና ይገደላል። አንዳንዴ ደግሞ ቮልቴጁ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ይወርድና ቦርዱ በሞትና በሕይወት መካከል ይቀራል፤ ቀዩ በርቶ ምንም አይሰማም። ለዚህም ውስጡ ጠባቂ ሰዓት አለው። ሥርዓቱ በ15 ሰከንድ ውስጥ «አለሁ» ካላለው ራሱ አጥፍቶ ያስነሣዋል። ግን ሥራ ጀምር ካልተባለ አይጀምርም። ብዙ ቦርድ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ጀምር የተባለ ብርቅ ነው።

እዚህ ላይ የባለሙያው ክርክር ይመጣል፤ «35 ዶላር ለተሸጠ ዕቃ ምን ጠበቅህ?» ይለኛል። ቤትህ ያለውን የዋይፋይ ሳጥን ተመልከት! እሱም ርካሽ ነው፤ ከእነዚህ ሳጥኖች ብዙዎቹ ውስጥ የሚሠራው እንደ ራስበሪ ፓይ ሊኑክስ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ይሞታል፣ በመጣ ቁጥር ይነሣል። ማንም «ራውተሩን በሥርዓቱ ሳትዘጋው» ብሎ ዘበኛ አይከስስም። ሚስጥሩ ምንድን ነው? የተለመደው አሠራር ሥርዓቱ ሊነበብ እንጂ ሊጻፍበት በማይችል ክፍል ላይ ታሽጎ እንዲቀመጥ ነው፤ የሚጻፈው ጥቂት ቅንብር ብቻ ነው። የማይጻፍበት ነገር ሲጻፍ አይያዝም። ራውተሩን የሠሩት ሰዎች ገመዱ እንደሚነቀል አስበው ነው የሠሩት።

ራስበሪ ፓይም ይህንኑ ይችላል፤ ንዴቴ እዚህ ላይ ጣሪያ ይነካል። ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው ማዋቀሪያ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚል ምርጫ አለ። ይህን ስታበራው ሥርዓቱ ካርዱ ላይ መጻፍ ያቆማል፤ የሚጻፈው ሁሉ ጊዜያዊው ሜሞሪ ላይ ይቀመጥና ሲጠፋ አብሮ ይተናል። ክፍያ የለውም። ቡና ሳይፈላ ይጠናቀቃል። ቤተ መጻሕፍት ለሚሆን ቦርድ፣ ማስታወቂያ ለሚያሳይ ቦርድ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ውክፔዲያውን ልጆቹ ሊጽፉበት አይደለም፤ ሊያነቡት ነው።

«ተማሪዎቹ የሚያስቀምጡት ሥራስ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ለእሱ የተለየ ክፍል ወይም የተለየ ፍላሽ ትሰጣለህ፤ የሚጻፈው እዚያ ብቻ ይሆናል፤ ቢበላሽም ቦርዱ ይነሣል፣ የሚጠገነውም ያቺው ናት። ፕሮግራም ለማደስ ስትፈልግ ኦቨርሌዩን አጥፍተህ፣ አድሰህ፣ መልሰህ ታበራዋለህ። አዎ፣ ይህ ማሰብን ይጠይቃል። ምን እንደሚጻፍ፣ የት እንደሚጻፍ፣ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ ቁጭ ብሎ ማቀድን ይጠይቃል። ገጣሚው የተቀበለው ክፍያ ለምን መሰለው? ካርድ ውስጥ መክተትንማ የሰባተኛ ክፍል ተማሪም ይችላል።

ከዚያ ደግሞ «ዩፒኤስ ግዙ» የሚሉት አሉ። ግዙ፤ አልቃወምም። ግን ዩፒኤሱ ከቦርዱ ጋር ካልተነጋገረ ምን ይፈይዳል? መብራት ሄደ፤ ዩፒኤሱ ለጥቂት ሰዓት ያዘ፤ ባትሪው አለቀ፤ ቦርዱ ድንገት ሞተ። ያው ሞት ነው፤ የዘገየው ብቻ ነው። በየቢሮው ጠረጴዛ ሥር ጢጥ ጢጥ እያለ ባትሪው ካበጠ ዓመታት ያለፈውንማ ተዉት። ፓወር ባንክ የሚያስቀምጡም አሉ። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች የግድግዳው ኮረንቲ ሲሄድ ወይም ሲመጣ ለዓይን ቅጽበት ያቋርጣሉ፤ ለስልክ ምንም አይደለም፣ ለቦርዱ ግን ያቺ ቅጽበት ሞት ናት።

እሺ፣ ጎበዝ ገጣሚ አገኘህ እንበል። ዩፒኤሱን ከቦርዱ ጋር አነጋገረው፤ ባትሪው ሲያንስ ቦርዱ በሥርዓቱ ራሱን ያጠፋል። አጨብጭቡለት? ቆዩ። ቦርዱ ራሱን አጥፍቶ ተኛ፤ ባትሪው ግን ገና ጥቂት ይዟል፣ ስለዚህ ለቦርዱ 5 ቮልት መስጠቱን አላቋረጠም። በዚህ መካከል መብራት መጣ። ቦርዱ በራሱ የሚነሣው ኮረንቲው ተቋርጦ ሲመለስ ነው፤ እዚህ ግን ለአፍታም አልተቋረጠበትም። ስለዚህ ተኝቶ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት መምህሯ ትመጣለች፤ መብራት አለ፣ ባትሪው ሞልቷል፣ ቀዩ በርቷል፣ ኮምፒውተሩ የለም። ደወለች። ምን ይባላል? «መብራት ጠፍቶ ነው»! ይህ ከሁሉም የተሸሸገው ጉዳይ ነው፤ ብዙ «ተቃጠለ» የተባለ ቦርድ እንዲህ ተኝቶ የተገኘ ነው። መፍትሔው ዩፒኤሱ ቦርዱ ከተኛ በኋላ ኮረንቲውን ጨርሶ እንዲቆርጥ፣ የግድግዳው መብራት ሲመለስ ደግሞ እንደገና እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ይህን የሚያደርግ ቦርድ አለ፤ ገዢው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄም ይኸው ነው። ሻጩ «ምን ማለትህ ነው?» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስለ ሰዓትም አንዲት ቃል ልጨምር። ከአምስተኛው በፊት ያሉት መብራት ሲሄድ ሰዓት የሚጠብቅላቸው ነገር የላቸውም። ኢንተርኔት ካላገኙ ቀኑን ከተዉበት ነው የሚቀጥሉት። የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበት ከሆነ የዛሬው ፈተና ባለፈው ሳምንት ቀን ተጽፎ ይገኛል። አምስተኛው የሰዓቱን አካል ይዞ መጥቷል፤ ባትሪው ግን ለብቻው የሚገዛ ነው። እዚህም ቆጠቡ።

ለሚለግሱት፣ ለሚያስገጥሙት፣ ገንዘብ ለሚፈርሙት የምለው ይህ ነው። የርክክብ ቀን ሪባኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ገመዱን ንቀሉት። እየሠራ ሳለ፣ ልጆቹ እያነበቡ ሳለ፣ ሳታስጠነቅቁ ከሶኬቱ ንቀሉት። ሰካ አድርጉና ገና ሳይነሣ እንደገና ንቀሉ። ባትሪ ካለው ባትሪው እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ራሱን ሲያጠፋ ወዲያው ኮረንቲውን መልሱና ተኝቶ ይቀር እንደሆነ እዩ። ከዚያ ጌት ትሮትልድን አስጠይቁት፤ ተርቧል የሚል መልስ ከሰጠ ቻርጀሩና ገመዱ ይቀየሩ። ገጣሚው «ኧረ ይበላሻል!» ብሎ እጃችሁን ከያዘ፣ ቀሪውን ክፍያ ኪሳችሁ አቆዩና ዕቃውን ከነሳጥኑ መልሱለት። ለዘበኛ የተጻፈ ደብዳቤ ካለም ከፋይሉ ይውጣ፤ በምትኩ ለገጣሚው ይጻፍ፣ ግልባጩም ገንዘቡን ለከፈለው አካል ይሂድ።